ማስታወሻ ውስጥ የሚጠፋውን ችግር እንዴት አወጣሁት

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር መዝገቡን የማየው እኔ ነኝ። ነርሶቹ የታካሚውን ኑሮ ማስታወሻው ላይ ይጽፋሉ። አንዷ «ምግብ የላትም»፣ ሌላው «ችግረኛ» ይላል። በኋላ ሲፈለግ አይገኝም፤ ሪፖርትም ላይ አይወጣም።

መፍትሔው አይሲዲ 10 በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታና የጤና ችግር ኮዶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ከዜድ55 እስከ ዜድ65 ያሉት ኮዶች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ዜድ59.0 ቤት አልባነት፣ ዜድ59.4 የምግብ እጦት፣ ዜድ60.2 ብቻን መኖር ነው። ከዋናው በሽታ ሥር እንደ ተጨማሪ ዳያግኖሲስ ይገባሉ።

ዋናው ራስ ምታት ግን ኮምፒውተሩ ላይ ችግሩ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ባዶ ሲቀር ነበር። ምልክት ከሌለ ችግር የለም ማለት ነው ወይስ ማንም አልጠየቀም? ስለዚህ አራት ምርጫ አስገባሁ፦ «አለ»፣ «የለም»፣ «አልተጠየቀም»፣ «መመለስ አልፈለገም»። ካልተነካ «አልተጠየቀም» እንዳለ ይቆያል።

ጥያቄውንም ከካርድ ክፍል አነሳነው። ወረፋው ሁሉ እየሰማ ገመናውን ማን ይናገራል? አሁን ነርሷ ለብቻ ግፊት እየለካች «እማማ፣ በዚህ ወር ቤት እህል ያለቀበት ቀን ነበር?» ትላለች። መልሱ «አለ» ከሆነና ታካሚዋ ከፈቀዱ፣ ስማቸው ለቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይደርሳል።