ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ለመጫን፦ ፍላሹን ይዛችሁ ሱቅ ግቡ

ሜክሲኮ፣ ስታዲየም ወይም ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? እንግዲያው ከብሩ በፊት ፍላሽ አዘጋጁ። ፍላሹ ላይ ሊኑክስ ይኑር፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት ነው። ሻጩን «ከመክፈሌ በፊት በዚህ አስነስቼ ልየው» በሉት። እሺ ካለ ጥሩ ነው። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ለምን መሰላችሁ? የሊኑክስ መሠረቱ ከርነሉ ነው። ከርነል በፕሮግራሞቹና በማሽኑ ዕቃ መካከል ቆሞ ሁሉንም የሚያገናኝ ክፍል ነው። ኪቦርድ ስትነኩም፣ ፋይል ስታስቀምጡም ሥራው በእሱ በኩል ያልፋል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ ጀመረው። ኮዱን ማንም ያነባል፣ ያሻሽላል፣ ያለ ክፍያ ይጠቀማል። አብዛኛው ድራይቨር፣ ማለትም አንድን ዕቃ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ እዚያው ከርነሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ አሮጌ ማሽን ላይም ብዙውን ጊዜ ገና ሲነሳ ድምፁም ስክሪኑም ይሠራል። ከርነሉ የማያውቀው ዕቃ ካለ ግን፣ ያንን ከፍላችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ከምትደርሱበት ሱቁ ውስጥ ብታውቁት ይሻላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አቁሟል። ገበያ ላይ ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እነዚህ ማሽኖች ግን ገና ብዙ ዓመት መሥራት ይችላሉ።

የቱን ሊኑክስ?

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ይመጣል። 4 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ የእኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ እትም። በ2 ጊጋ ራምና በ20 ጊጋ ቦታም ይጫናል፤ ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ ስትከፍቱ ግን ይጨንቀዋል። ትንሽ ብር ከተረፋችሁ ራም ከመጨመራችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም በፈጣኑ የዲስክ ዓይነት፣ ቀይሩት። ለውጡን የዚያኑ ቀን ታዩታላችሁ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የሚንት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። ስለዚህ በሌሊት ጥቅል ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዱት። ከሚንት ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ፤ ሰው በፍላሽ ያዞረውን ቅጂ አትመኑ። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱና ፋይሉን ምረጡ። አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ስትጫኑ የፋይሉ መለያ የሆኑ ረጃጅም ቁጥሮች ይወጣሉ። ሻ 256 (SHA256) የሚለውን ድረ ገጹ ላይ ካለው የሻ 256 ቁጥር ጋር አመሳክሩ። አንድ ከሆኑ ፋይሉ በትክክል ወርዷል። ከዚያ ጀምሩ። ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ሱቁ ውስጥ

ፍላሹን ሰኩ፣ ላፕቶፑን አብሩ፣ ወዲያው የማስነሻ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ነው። ሚንት ከፍላሹ ይነሳል፤ ዲስኩ ላይ ምንም አይነካም። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራና ታችፓድ ሞክሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱት። ከዚያ ፓወር ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ባትሪውን እዩ። አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ሁለተኛው ቁጥር ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋ ላይ ተከራከሩበት።

መጫን

ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ክፈቱ፤ የሚጠይቃችሁን መልሱ። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ከዊንዶውስ ጋር ጎን ለጎን ለማኖር አትድከሙ፤ ሙሉውን ለሊኑክስ ስጡት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ግን መብራት በማይታመንበት ሰዓት አትጀምሩ። መሃል ላይ ከጠፋ ሁሉንም እንደገና ነው።

ዋይፋይ እምቢ ሲል

ኢንቴል ካርድ ያለው ላፕቶፕ በአብዛኛው ሳትነኩት ይገናኛል። ብሮድኮም ከሆነ ግን ሥራ ይጠብቃችኋል። አንዳንዶቹ የብሮድኮም ካርዶች በደንብ የሚሠሩት ኩባንያው ኮዱን ሳይከፍት በሚሰጠው ድራይቨር ነው። ያ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አይመጣም፤ ለብቻው ይጫናል። ለመጫን አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዋይፋይ ነበር የሚመጣው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው ስልካችሁ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ሆትስፖት ያለበት ገጽ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ከርነሉ ስልኩን በኬብል እንደመጣ ኔትወርክ ይቀበለዋል፤ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ምርጫው ካልበራላችሁ ገመዱን ቀይሩ። ርካሽ ገመዶች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ አሉ።

ኢንተርኔት ሲገባ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ፣ የሚያቀርብላችሁን የብሮድኮም ድራይቨር ምረጡና ጠብቁ። ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ኮድ የሚከለክለው ጥበቃ፣ ክፍት ከሆነ አዲስ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ይጠይቃችኋል። ጻፉት፣ አትርሱት። ላፕቶፑ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። በፍጹም ዝም ብላችሁ አትለፉት። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንን የይለፍ ቃል አስገቡ። ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም ከርነሉ አይቀበለውም፤ ዋይፋዩም አይመጣም። ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ካልተዋችሁ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብቶ ሴኪዩር ቡትን መዝጋትም ይቻላል፤ የማሽኑ ጥበቃ ግን በዚያው ይቀንሳል።

ከርነሉ ሲታደስ

አፕዴት ማናጀር በየጊዜው አዲስ ከርነል ያመጣል። ጫኑት፤ የደህንነት ጥገናዎች አሉበት። አሮጌውን ግን ወዲያው አታጥፉ። እንደ ብሮድኮሙ ያለ ከውጭ የመጣ ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መሠራት አለበት፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። ካዘመናችሁ በኋላ ዋይፋዩ ከጠፋ ላፕቶፑን አስነሱና ገና ሲጀምር ኢስኬፕን ንኩ፤ በቆዩት ማሽኖች ላይ ሺፍትን ያዙ። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቡና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ዋይፋዩ ይመለሳል፤ በእሱ እየሠራችሁ የሚቀጥለውን ዝመና ትጠብቃላችሁ።