የግቢ ፍሳሽ መስመር ሲሞላ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የግቢ ፍሳሽ መስመር ፓምፕ የለውም፤ የሚወርደው በተዳፋት ብቻ ነው። ሲቆም ብዙ ሰው ወዲያው የቱቦ መጥረጊያ ዘንግ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ማንሆሎቹን (በመስመሩ ላይ ያሉትን ክዳን ያላቸው ጉድጓዶች) በተራ ክፈቱ እላለሁ። አንዱ ሞልቶ ወደ ታች ቀጥሎ ያለው ደረቅ ከሆነ፣ የተዘጋው በሁለቱ መካከል ነው። እስከ መጨረሻው ሁሉም ከሞሉ ግን ችግሩ ከግቢ ውጭ ስለሆነ ለውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ማመልከት ነው። ማንሆል ውስጥ ማንም አይግባ! የሚጠራቀመው ጋዝ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ይገድላል፤ ሊያወጣ የገባውንም ጭምር።

ላይ ቤት ውሃ ሲለቀቅ የግራውንዱ ሽንት ቤት ይገነፍላል

አብዛኛውን ጊዜ ሞዴስ፣ ጨርቅ ወይም የረጋ ቅባት ነው። ዘንጉን ከደረቁ ማንሆል ወደ ላይ አስገቡ። ከሞላው በኩል ከገፋችሁት ጨርቁ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ውሃው ሲለቅ በኃይል ስለሚመጣ ከቱቦው አፍ ፊት አትቁሙ፤ ይዞት የሚወርደውንም በሬክ አስቀርታችሁ አውጡት፣ ካለፈ ታች ሄዶ ይዘጋል። የፈላ ውሃ መድፋት አልመክርም፤ ቅባቱ ቀልጦ ትንሽ ወረድ ብሎ መልሶ ይረጋል።

ተጠርጎ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ይዘጋል

ይሄኛው በጠረጋ አይድንም። ዘንጉ ፀጉር የመሰለ ሥር ይዞ ከወጣ፣ የዛፍ ሥር በመገጣጠሚያው ገብቷል ማለት ነው፤ ሥሩን መቁረጥ ጊዜ ይገዛል እንጂ መገጣጠሚያው ካልታደሰ ይመለሳል። ሥር ከሌለ ተዳፋቱን ጠርጥሩ። መስመሩን አጥባችሁ በአንዱ ማንሆል ባትሪ አብሩ፣ በሌላው በመስታወት እዩ። ብርሃኑ ሙሉ ክብ ከሆነ ቱቦው ቀጥ ያለ ነው። የክቡ ታች ተቆርጦ ውሃ ተኝቶ ከታየ ግን መሃሉ ሰምጧል። የ160 ሚሊሜትር ቱቦ በ20 ሜትር ርቀት ወደ 20 ሳንቲሜትር ቢወርድ ጥሩ ነው፤ በጣም ካነሰ ውሃው ይሄዳል፣ ደለሉ ይቀራል። መፍትሄው ቆፍሮ፣ ከቱቦው በታች ያለውን በአሸዋ አስተካክሎና ጠቅጥቆ እንደገና መዘርጋት ነው። ወጪው ያማል፣ ግን አንዴ ነው።

ክረምት ብቻ ይሞላል

የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም የማንሆል ክዳን ከመሬት ዝቅ ብሎ ጎርፍ ያስገባል። ፀሐያማ ቀን አሸንዳው ላይ ቀለም የገባበት ውሃ አፍስሱና ማንሆሉን ተመልከቱ። ቀለሙ ከመጣ አሸንዳውን ነቅላችሁ ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ አዙሩት።