አዲስ ጥንቸል መንጋ ውስጥ ስትገባ የሚነሳ ጠብ፦ ችግርና መፍትሄ

አዲሷን ለብቻዋ አቆይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢቻል 30 ቀን። ማስነጠስና የጆሮ እከክ እንደሌለባትም አይታችኋል። ይህን የዘለለ ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

ምልክቱ፦ አዲሷ እንደገባች ትባረራለች። ፀጉሯ ይነጫል። ጥግ ይዛ ትቀራለች፣ መኖ አትቀርብም።

ምክንያቱ፦ ሁሌም የማየው ያንኑ ነው። አዲሷን አምጥቶ ነባሮቹ ቤት ውስጥ ጣል ማድረግ! ከዚያ "ይቺ ክፉ ናት" ይባላል። ክፋት አይደለም። ሴት ጥንቸል ቦታዋን በአገጯ እያሸች፣ በሽንቷና በበጠጧ ምልክት እያደረገች ትይዛለች። የማታውቀው ሽታ ከመጣ ታባርራለች። ያረገዘች ወይም የምታጠባ ከሆነች ይብስባታል፤ በዚያ ሰሞን ጭራሽ አትሞክሩት።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ በሽቦ ለይታችሁ ጎን ለጎን አኑሯቸው። ሽቦው ሁለት ድርብ ይሁን፣ በመካከሉ የመዳፍ ስፋት ክፍተት ይኑረው። አንድ የማውቀው አርቢ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ነጠላ ሽቦ ጋረደ። ጠዋት ሲመጣ የአዲሷ አፍንጫ ተቀዷል። ርካሽ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ነክሰው ያጣምሙታል።

በየቀኑ ቦታ አቀያይሯቸው። አንዷ የሌላዋን ሽታ እየለመደች ትሄዳለች። ሽቦው አጠገብ ዘና ብለው ሲተኙና ሲበሉ ለቀጣዩ ደርሰዋል። ይህ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ማናቸውም ኖረው የማያውቁበት ቦታ ላይ አገናኟቸው። በ15 ደቂቃ ጀምራችሁ በየቀኑ አርዝሙት። አንዷ ሌላዋ ላይ መውጣትና አጭር ማባረር ካያችሁ ተዉአቸው፣ ደረጃ እየለዩ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ ጭራ ከቆመ፣ ወይም አንዷ የሌላዋን ጭራ ይዛ መዞር ከጀመሩ ግን ወዲያው ለዩ። በባዶ እጅ በፍጹም! ወፍራም ጓንት አድርጉ ወይም ጣውላ በመካከላቸው አስገቡ።

ወደ መንጋው ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱን አጥባችሁ ሳጥኖቹን ከቦታቸው አንቀሳቅሱ። ለነባሮቹም አዲስ ይሁንባቸው። መኖና ውሃ በተለያየ ቦታ ይቅረብ። እያንዳንዱ መደበቂያ ሳጥን ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ብቻ ካለው ተባራሪዋ ገብታ መውጫ ታጣለች፣ እዚያው ትቦጫጨቃለች። ይህን ስንቴ ተናግሬ ስንቴ እንዳልተሰማሁ!

የምታስገቡት ጠዋት፣ ቤት በምትውሉበት ቀን ነው። ጥንቸል ሲመሽና ሲነጋ ነው የምትነቃቃው። አመሻሽ ላይ አስገብቶ መተኛት ለጠብ መተው ነው። ከጠብ በኋላ ፀጉሯን እየገለጣችሁ ሆዷንና ብልቷን እዩ። ቁስል ከፀጉር ስር ይደበቃል፣ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል።

ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶች፦ አንድ ላይ አይኖሩም። ቆለጥ እስከ መቦጨቅ ይደርሳሉ። የተኮላሸውም ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ይችላል፣ ጠብቁ።

ጠብ የለም፣ ግን አትበላም፦ ግማሽ ቀን ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል ከቆየች ነገ አትበሉ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የጥንቸል አንጀት ከቆመ ቶሎ ይገድላታል።

"ሴት" ተብላ የተገዛችው ወንድ ከሆነ፦ ሻጩን አትመኑ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ ገልጣችሁ እዩ። ካስገባችሁት በኋላ ካወቃችሁ ዛሬውኑ ለዩትና አብረውት የነበሩትን ሴቶች ሁሉ እንዳረገዙ ቆጥራችሁ መውለጃ ሳጥን አዘጋጁ። እርግዝናው 31 ቀን አካባቢ ነው።