ከእንክብሉ በፊት ሽሮው፦ ለሯጭ ጉልበት የሚሆን አመጋገብ

ሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች ሯጮች ናቸው፤ የማበስልላቸውም እኔ ነኝ። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ፋርማሲ ነው። እኔ ግን ከድስቱ ጀምሩ እላለሁ።

ጠንክሮ የሚለማመድ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ66 እስከ 88 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው በእንቁላል ብቻ አይሞላም። በፍስክ ወተት እጨምራለሁ። በጾም ሽሮውን ወፈር አድርጌ ምስሩንና ባቄላውን አበዛለሁ፤ ጤፍና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላልና። እንጀራ ቆልሎ ወጡን ጫፍ ጫፉን መንካት ለሯጭ አይሆንም!

ሰውነት ኮላጅንን፣ ማለትም ጅማትና ልም አጥንት የሚሠሩበትን ፕሮቲን፣ የሚሠራው በቫይታሚን ሲ እርዳታ ነው። ጥሬ ቃሪያ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ብሉ፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁበት። ይኸው ቫይታሚን በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባም ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ቡናውን ተዉ አላልኩም።

ውሃን በተመለከተ እኛ አካባቢ አደገኛው ነገር ብርዱ ነው። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይተናል፣ በትንፋሽም ብዙ ውሃ ይወጣል፤ ጥሙ ግን አይሰማም። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ነው፤ በቀጣዮቹ ሰዓታት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ እየተጎነጫችሁ ተኩት። ሚዛን ከሌለ ሽንታችሁን እዩ፤ ጠቆር ካለ አልጠጣችሁም። ከረጅም ሩጫ በኋላ ንጹህ ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት የደምን ጨው ስለሚያሳንስ፣ በሶ በጥብጬ ትንሽ ጨውና ማር ጨምሬ እሰጣቸዋለሁ።

ወደ እንክብሉ እንምጣ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብለው የሚሸጡት ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን በ1,583 የጉልበት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሕመምተኞች ላይ ተሞክረው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው በጠቅላላው መድኃኒት ከሌለበት እንክብል የተሻለ ሕመም አላስታገሱም። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ አለርጂ ያለበት ይጠንቀቅ፣ የሃይማኖቱን የምግብ ሥርዓት የሚጠብቅም ይወቀው። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። የብረት እንክብልም ያለ ደም ምርመራ አይዋጥም።

ለውድድር የምትዘጋጁ ልጆቼ ደግሞ ልብ በሉ፤ በሰፕልመንት፣ ማለትም ከምግብ ሌላ በሚወሰድ እንክብልና ዱቄት ውስጥ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ንጥረ ነገር ሊገኝ ይችላል፣ ተጠያቂውም ስፖርተኛው ራሱ ነው። ጓደኛ የሰጣችሁን ዱቄት ሐኪም ሳያየው አትበጥብጡ። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን ምግብም እንክብልም አትጠብቁ፤ ልምምዱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ።