ሚዛኑ እስከ 22 ኪሎ ዝም ሲል

ሎድ ሴሉ (ክብደትን ወደ ትንሽ ቮልት የሚለውጠው ክፍል) ደህና ነው። ሽቦው አልተበጠሰም። 5 ቮልቱም አለ። ሚዛኑ ግን ቀላል ዕቃ ሲጫንበት አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከበድ ሲል ይነቃል፣ በጣም ሲከብድ ደግሞ መልሶ ይቆማል። ይህን ብልሽት ስንቴ እንዳየሁት! ብዙዎቹ እኔ ጋ የሚደርሱት ሎድ ሴላቸው ያለ ጥፋቱ ተቀይሮ ነው።

ችግሩ ያለው የሎድ ሴሉን ቮልት የሚያሳድገው አምፕሊፋየር ላይ ነው። ኤዲ620 (AD620) የተባለው አምፕሊፋየር ቺፕ በ5 ቮልት ብቻ ሲሠራ ከ0 እስከ 5 ቮልት አያወጣም። ከታች 1.1፣ ከላይ 1.2 ቮልት ገደማ ለራሱ ያስቀራል። ለእኛ የሚተርፈን ከ1.1 እስከ 3.8 ነው።

ሒሳቡን እንየው። 100 ኪሎ የሚችል፣ በቮልት 2 ሚሊ ቮልት የሚሰጥ ሎድ ሴል በ5 ቮልት ሲሠራ ሙሉ ክብደቱ ላይ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል። የጌይን ሬዚስተሩ 100 ኦም ከሆነ ጌይኑ (ቮልቱን የሚያሳድግበት እጥፍ) 495 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ 49.5 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ሪፈረንሱ (የአምፕሊፋየሩ ውጤት የሚነሳበት ቮልት) ግራውንድ ላይ፣ ማለትም 0 ቮልት ላይ ከታሰረ ከ22 ኪሎ በታች ያለው ሁሉ 1.1 ቮልት ላይ ይተኛል። ከ77 ኪሎ በላይ ያለውም 3.8 ላይ ይቆማል። ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን የቺፑ ውጤት በሚወጣበት 6ኛው እግር ላይ አድርጉና ቀስ በቀስ ጫኑ።

አንድ እህል ነጋዴ ያመጡት ሚዛን አይረሳኝም። ከእኔ በፊት የነካው ሰው 1.1 ቮልቱን በፕሮግራም "ዜሮ" አድርጎታል። 50 ኪሎ ሲጫን 28 አነበበ። ያኔ ማባዣውን አሳድጎ 50ውን 50 አስባለው። እሱ ሠራሁ ብሎ ሄደ። 30 ኪሎ ግን 14 ሆኖ ይነበብ ነበር! ነጋዴው 30 ኪሎ በሸጡ ቁጥር ከግማሽ በላዩን በነፃ ሲሰጡ ከርመዋል። እባካችሁ፣ የሳፕላይ (የኃይል ምንጭ) ችግር በፕሮግራም አይሸፈንም። በአንድ ክብደት ብቻ አስተካክላችሁም ሚዛን አታስረክቡ።

መፍትሄው ሦስት ዓይነት ነው። አሉታዊ ሳፕላይ መጨመር ይቻላል፤ በፕላስ ማይነስ 12 ቮልት 0 እና 5 ቮልት ያለ ችግር ይገኛሉ። ግን ውጤቱ በቀጥታ ማይክሮ ኮንትሮለር ውስጥ ከገባ ሊያቃጥለው ይችላል፣ መከላከያ አድርጉለት። በ5 ቮልት መቆየት ካለባችሁ ሪፈረንሱን ወደ 1.25 ቮልት አንሱና የጌይን ሬዚስተሩን 250 ኦም አድርጉት። ጌይኑ 200 ገደማ ይሆናል፣ ውጤቱም ከ1.25 እስከ 3.25 ይሄዳል። ሪፈረንሱን በሁለት ሬዚስተር ከፍሎ በባዶው ማገናኘት ግን አይሆንም! መሃል ቮልቱን ሳይቀይር የሚያስተላልፍ ኦፕ አምፕ (ትንሽ አምፕሊፋየር) ያስፈልጋል፣ አለዚያ ዋናው አምፕሊፋየር ከሁለቱም ሽቦ እኩል የሚገባውን ጫጫታ ማጥፋት ያቅተዋል።

ሦስተኛውና እኔ የምመርጠው ቺፑን በአይኤንኤ333 (INA333) አምፕሊፋየር መቀየር ነው። ወደ ሁለቱም ጫፍ 50 ሚሊ ቮልት ድረስ ይጠጋል። ከ5.5 ቮልት በላይ አትስጡት። የድሮውን ሬዚስተርም አትተዉበት፣ ቀመሩ የተለየ ስለሆነ 100 ኦሙ ጌይኑን 1001 ያደርገዋል። 250 ኦም 401 ይሰጣል። ሪፈረንሱን 0.5 ቮልት ስታደርጉት ከ0.5 እስከ 4.5 ያወጣል።

ውጤቱ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ከተሳሳተስ? ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። አይኤንኤ128 (INA128) የተባለው ሌላ አምፕሊፋየር በፕላስ ማይነስ 5 ቮልት፣ ጌይኑ 50፣ ሁለቱም ግቤቶች 3 ቮልት አካባቢ፣ ልዩነታቸው 50 ሚሊ ቮልት ነው እንበል። 2.5 ቮልት ትጠብቃላችሁ። ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ግን 4.25 መድረስ አለበት፣ ጣሪያው 3.6 አካባቢ ነው። ስለዚህ ውስጡ ተጨናንቆ ውጪው ጤነኛ ይመስላል። ሁለቱም የውስጥ አምፕሊፋየሮች ጣሪያ ከነኩ ጭራሽ 0 አካባቢ ያነባል። እያንዳንዱን ግቤት ከግራውንድ ጋር ለኩ።

በሎድ ሴል ፈንታ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ሲሆን ውጤቱ ወደ አንድ ጫፍ ከሸሸ፣ የግቤቱ ትንሽ ከረንት ወደ ግራውንድ የሚመለስበት ሬዚስተር የሌለው ሊሆን ይችላል።

አሉታዊውን ቮልት ከ7660 (አዎንታዊ ቮልትን ወደ አሉታዊ ከሚለውጥ ቺፕ) የሚያገኙ ርካሽ ቦርዶችም አሉ። ከቺፑ የሚሳበው ከረንት ሲበዛ ቮልቱ ይወርዳል። የምትለኩት ሥራ ላይ እያለ ይሁን።