የፓት መቲኒ ግሩፕን አልበሞች እንዴት ማዳመጥ እንደሚቻል

በ1954 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የተወለደው ጊታሪስት ፓት መቲኒ፣ ጃዝን ከሮክ፣ ከብራዚል ሙዚቃና ከአሜሪካ የገጠር ዜማ ጋር ያዋሃደ ሙዚቀኛ ነው። አብዛኛው አዲስ አድማጭ በጊታሩ ይሳብና ሌላውን ሁሉ እንደ አጃቢ ይቆጥረዋል። በ1977 የተመሠረተው ባንዱ፣ ፓት መቲኒ ግሩፕ፣ በዚህ መንገድ ቢደመጥ ግማሹ ይቀራል፤ በ2020 ያረፈው ፒያኒስት ላይል ሜይስ ከመቲኒ ጋር አብሮ የደረሰና ያቀናበረ እንጂ አጃቢ አልነበረምና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ጆሮን ከጊታሩ ወደ ባንዱ የሚያሻግር ነው።

በመጀመሪያ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያዘጋጁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዙን ስለሚያስቀረው የሙዚቃው መሠረት አይሰማም።

ቀጥሎ በ1978 ከወጣውና የባንዱን ስም ከያዘው አልበም «ፌዝ ዳንስ» የተባለውን ሥራ ይክፈቱ። ተጫዋቾቹ አራት ብቻ በመሆናቸው እያንዳንዱን ለይቶ ለመከተል ይመቻል። መጀመሪያ ጊታሩን እንደልብዎ ይከተሉ፤ ደግመው ሲያዳምጡ ግን ጊታሩን ትተው ሜይስን ብቻ ይያዙ፤ ፒያኖው ሶሎውን (ለብቻው ጎልቶ የሚጫወተውን ክፍል) ሲጀምር ጊታሩ ከሥር ሆኖ ምን እንደሚሠራም ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። በ1984 የወጣው «ፈርስት ሰርክል» የተባለው አልበም መጠሪያውን ያገኘበት ሥራ በጭብጨባ ይጀምራል፤ ጭብጨባው የሚመላለሰው በ22 ንዑስ ምቶች ሲሆን፣ እነዚህም መጀመሪያ 12 ቀጥሎም 10 ሆነው ይከፈላሉ። በሦስት በሦስት የሚሄደውን የችክችካ ምት የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል፤ ምክንያቱም በሦስቶቹ መካከል ሁለት ሁለት እየገቡ አካሄዱን ይለውጡታል። ለማጨብጨብ አይቸኩሉ፤ በልብዎ እስከ 12፣ ከዚያም እስከ 10 እየቆጠሩ ዙሩ የት እንደሚገጥም እስኪታወቅዎ ይደጋግሙት። ዙሩ ከገባዎ በኋላ አርጀንቲናዊው ፔድሮ አዝናር ያለ ግጥም የሚያዜመውን ድምፅ ይከተሉ፤ ድምፁ እንደ አንድ መሣሪያ ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ተሸምኗል። የሥራው እምብርት የሜይስ የፒያኖ ሶሎ ነው። የባንዱ መሪ ጊታሪስት ሆኖ ሳለ፣ በአልበሙ ትልቁ ሥራ ላይ ዋናውን ቦታ ለፒያኒስቱ ለቆ እርሱ ምቱን በጊታር መጠበቁ፣ ባንዱ ምን ዓይነት እንደነበር ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ በ1987 ወደ ወጣው «ስቲል ላይፍ» አልበም ይለፉና «ላስት ትሬይን ሆም» የተባለውን ያዳምጡ። እዚህ ድራመሩን ፖል ወርቲኮን ብቻ ይከተሉ። በብሩሽ የሚጫወተው ምት የባቡር ጉዞን ያሰማል፤ መቲኒ በኤሌክትሪክ ሲታር (የህንዱን ባለ ክር መሣሪያ ሲታርን በሚመስል ድምፅ በሚያሰማ ጊታር) ዜማውን ሲያነሳም ሆነ ኋላ ድምፃውያኑ ሲገቡ ያ ምት ሳይናወጥ ይቀጥላል። ዜማው እንደልቡ እንዲዘገይ ያስቻለው ይህ የማይቋረጥ እንቅስቃሴ ነው።

የ1982ቱ «ኦፍራምፕ» አልበም ላይ ያለው «አር ዩ ጎይንግ ዊዝ ሚ» ደግሞ የጊታር ሲንተሳይዘርን፣ ማለትም በጊታር እየተመታ በኤሌክትሮኒክስ የሌላ መሣሪያ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ለማወቅ ይረዳል። እንደ ሃርሞኒካ የሚሰማው የመጀመሪያው ሶሎ የሜይስ ሲሆን፣ ኋላ እንደ መለከት የሚጮኸው የመቲኒ ጊታር ነው።

በመጨረሻ በ2005 የወጣውን «ዘ ዌይ አፕ»ን ይያዙ። አልበሙ በሙሉ 68 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ድርሰት ነው፤ በዲስኩ ላይ በአራት ትራኮች መከፈሉ ለአጠቃቀም እንጂ ሥራዎቹ የተለያዩ ሆነው አይደለም። በዚህ ጊዜ ሜክሲኳዊው ድራመር አንቶኒዮ ሳንቼዝና መለከተኛው ኩንግ ቩ ባንዱን ተቀላቅለዋል። ሥራው በ2006 የግራሚ ሽልማት ቢያገኝም፣ በርዝመቱ የተነሳ ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ ከላይ ያሉትን ሳያዳምጡ በእርሱ እንዲጀምሩ አልመክርም። ሲያዳምጡት ግን ከፋፍለው ሳይሆን በአንድ መቀመጫ ይጨርሱት፤ መጀመሪያ አካባቢ በአጭሩ ብቅ ያሉት ሐሳቦች ሰፍተውና ተለውጠው ሲመለሱ ሊያውቋቸው የሚችሉት ያኔ ብቻ ነው።