በፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ሲለወጡ የሠራልኝ መፍትሔ

ፒያሳ በሚገኝ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሰነድ አሳትሜ ስመለስ፣ በፍላሼ ላይ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ተለውጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ሌላ ፍላሽም ወዲያውኑ ተመሳሳይ ሆነ።

ሾርትከቶቹን ባጠፋቸውም በደቂቃ ውስጥ ይመለሳሉ። አንደኛውን ፍላሽ ፎርማት ማድረጌም በውስጡ የነበረውን ሰነድ ከማሳጣት በቀር አልጠቀመኝም። ሦስት ቀን የባከነው ችግሩን ፍላሹ ላይ ስፈልግ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ቫይረስ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር።

ፍላሾቹን ነቅዬ በታስክ ማናጀር (የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያሳይ የዊንዶውስ መሣሪያ) «ስታርትአፕ» ገጽ ላይ ስመለከት፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣ የማላውቀው ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበት ትንሽ ፋይል) አገኘሁና አገድኩት። ቀጥሎ ከዊንዶውስ ሴኩሪቲ (የዊንዶውስ የራሱ የደኅንነት ፕሮግራም) «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን መረጥኩ፤ ይህ ፍተሻ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ ዊንዶውስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለሚሠራ፣ ቫይረሱ ተነሥቶ የሚሸሸግበት ዕድል አያገኝም። 15 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ የላፕቶፕ ባትሪ አስቀድሞ መሙላት ይገባል።

በመጨረሻም የቀረውን ፍላሽ ሰክቼ፣ አንድም ሾርትከት ሳልከፍት፣ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) «አትሪብ» (attrib) በተባለው ትእዛዝ ከፋይሎቹ ላይ የተደበቀ እና የሲስተም የሚያሰኟቸውን ምልክቶች አነሣሁ። ሁሉም በቦታቸው ተገኙ፤ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አልነበረም፤ ስለዚህ እባካችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ሾርትከቶቹንም ከዚያ በኋላ አጠፋኋቸው፤ አልተመለሱም።